ዓምድ ሁሉ ባለቤት ይኑረው፦ የአንድ ማሠልጠኛ ተቋም የምዝገባ ድረ ገጽ ከጎግል ሺትስ ጋር የተገናኘበት ሁኔታ

ይህ የጉዳይ ጥናት በአዲስ አበባ የማታና የቅዳሜ አጫጭር ሥልጠናዎችን የሚሰጥ አንድ ተቋም የምዝገባ ድረ ገጹን ከጎግል ሺትስ ጋር እንዴት እንዳገናኘ፣ ግንኙነቱ ለምን በተደጋጋሚ ይበላሽ እንደነበረና እንደገና ሲሠራ ምን እንደተለወጠ ያስረዳል። ተቋሙን በስም አልጠራውም፤ ችግሩ ድረ ገጽ ያላቸውና የቢሮ ሥራቸውን በሠንጠረዥ የሚያካሂዱ ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚጋሩት ስለሆነ ስሙ ለአንባቢ የሚጨምረው ነገር የለም። እኔ ሥራው እንደገና ሲሠራ ከተሳተፉት ሁለት ባለሙያዎች አንዱ ነኝ።

ተመዝጋቢዎች የሚያዩት ክፍል በፓይተን ቋንቋ፣ ጃንጎ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የተሠራ፣ በተቋሙ ቢሮ ውስጥ በተቀመጠ አንድ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ድረ ገጽ ነው። ቢሮው የሚያየው ግን ሌላ ነው። ሬጅስትራሯ፣ የሒሳብ ሠራተኛውና የሥልጠና አስተባባሪዎቹ ከጠዋት እስከ ማታ ከፍተው የሚሠሩት በአንድ የጎግል ሺትስ ሠንጠረዥ ላይ ነው። ድረ ገጹ የራሱ የአስተዳደር ገጽ ቢኖረውም ከአንድ ሰው በቀር የሚከፍተው አልነበረም። ይህን ስንፍና ነው የሚሉ ባለሙያዎች አጋጥመውኛል፤ እኔ ግን በፍጹም አልስማማም። ሠንጠረዡ በስልክ ይከፈታል፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ወዲያው ያየዋል፤ ማን ምን እንደለወጠ ተመልሶ ይታያል፤ ያልከፈሉትን ብቻ ለይቶ ለማውጣትም የፕሮግራመር ደጅ መጥናት አያስፈልግም። ቢሮው የሚያውቀውንና የሚያምነውን መሣሪያ ነጥቆ ማንም ያልጠየቀውን ገጽ መስጠት ለማንም አይበጅም። ስለዚህ ከመጀመሪያው የተስማማንበት ነጥብ ሠንጠረዡ እንደሚቀጥል ነበር፤ ጥያቄው ድረ ገጹና ሠንጠረዡ በምን ሥርዓት ይነጋገሩ የሚለው ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው አሠራር ቀላል ነበር። ሰው ፎርሙን ሞልቶ ሲልክ ፕሮግራሙ በቀጥታ ሠንጠረዡ ላይ አንድ ረድፍ ይጨምራል፤ የምዝገባው ብቸኛ መዝገብም ያ ረድፍ ነው። ተመዝጋቢው ጥቂት በሆነበት ወቅት ይህ ሠርቷል። ሥልጠናዎቹ ሲበዙና የጳጉሜን ምዝገባ በአንድ ጠዋት ሲከፈት ግን የተለያዩ የሚመስሉ ችግሮች አንድ ላይ መጡ፤ ገጹ ይቆማል፣ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፣ ስልክ ቁጥሮች ዜሮ ያጣሉ፣ የከፈለ ሰው እንዳልከፈለ ይታያል። ከሁሉ በፊት ግን ግንኙነቱ ራሱ በየሳምንቱ ይሞት ነበር።

በየሳምንቱ የሚጠፋው ፈቃድ

የቀድሞው ፕሮግራም ወደ ሠንጠረዡ የሚገባው በሬጅስትራሯ የግል አካውንት ፈቃድ ነበር። ይህ ኦኦት በተባለው አሠራር የሚሰጥ ሲሆን፣ ባለ አካውንቷ አንድ ጊዜ "ፍቀድ" የሚለውን ስትጫን ፕሮግራሙ በስሟ እንዲገባ የሚያስችል የማደሻ ቶክን፣ ማለትም የዲጂታል መግቢያ ፈቃድ፣ ያገኛል። ቶክኑ ለረጅም ጊዜ ሊያገለግል ይችላል። ነገር ግን ከድርጅቱ ውጭ ላሉ ተጠቃሚዎች ክፍት የሆነና በጎግል ክላውድ ላይ "በሙከራ ላይ" በሚለው ደረጃ የቀረ መተግበሪያ እንዲህ ያለ የሠንጠረዥ ፈቃድ ሲጠይቅ የሚሰጠው ቶክን በ7 ቀን ይሞታል። የዚህ ድረ ገጽ መተግበሪያ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ ከዚያ ደረጃ አልወጣም ነበር። በመሆኑም ሬጅስትራሯ በየሳምንቱ ወደ ቴክኒክ ክፍሉ ደውላ "ልጄ፣ ያ ፍቀጂ የሚለው ገጽ ዛሬም መጣብኝ" ትላለች፤ ልጁም "እትዬ፣ ዝም ብለው ይጫኑት" ይላታል። ጎግል መተግበሪያው እንዳልተረጋገጠ የሚያስጠነቅቅበትን ገጽ ማለፍ እንዲህ ልማድ ሆነ። የተማሪዎችን መረጃ የምትጠብቅ ሠራተኛ የደኅንነት ማስጠንቀቂያን ሳታነብ እንድታልፍ ማለማመድ ከቴክኒኩ ብልሽት በላይ ያሳዘነኝ ነገር ነበር። እርሷ አመት ፈቃድ ስትወጣ ደግሞ ምዝገባው አብሯት ይወጣል።

ሰው በሌለበት ሌሊትና ቀን የሚሠራ ሰርቨር በሰው ስም ሳይሆን በራሱ ስም መግባት አለበት። ለዚህ የተዘጋጀው ሰርቪስ አካውንት የሚባለው፣ ለፕሮግራም ብቻ የሚሰጥ መለያ ነው። በጎግል ክላውድ ላይ ፕሮጀክት ይከፈታል፣ የሺትስ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች ከሺትስ ጋር የሚነጋገሩበት በር) እንዲሠራ ይደረጋል፣ መለያው ይፈጠራል፣ ቁልፉም በጄሰን ፋይል ይወርዳል። ፕሮግራሙ በቁልፉ ፈርሞ ጥያቄ ያቀርባል፤ ጎግል ፊርማውን አጣርቶ ለ1 ሰዓት የሚያገለግል የመግቢያ ቶክን ይሰጠዋል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ፕሮግራሙ ማንንም ሳያስቸግር እንደገና ይጠይቃል። ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ መለያ የራሱ የኢሜይል አድራሻ ያለው እንግዳ በመሆኑ ሠንጠረዡ ለእርሱ እስካልተጋራ ድረስ የሚያገኘው መልስ ፈቃድ የለህም የሚል 403 ብቻ ነው። ኮዱን መመርመር አያስፈልግም፤ አድራሻውን ከጄሰን ፋይሉ ገልብጦ ለሥራ ባልደረባ እንደሚደረገው ሁሉ ሠንጠረዡን በአርታዒነት ማጋራት ይበቃል። እኛም ሬጅስትራሯ ይህን በራሷ እጅ እንድታደርግ ጠየቅናት። ፈቃዱን የሰጠችው እርሷ እንደሆነች፣ በፈለገች ጊዜም ማንሳት እንደምትችል ማየቷ ተገቢ መስሎናል።

የቁልፉ ፋይል የይለፍ ቃል ያህል ነው፤ ያገኘው ሁሉ እንደ ፕሮግራሙ ሆኖ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከድረ ገጹ ኮድ ማህደር ውጭ አስቀምጠን፣ ፕሮግራሙ የሚሠራበት የሰርቨር ተጠቃሚ ብቻ እንዲያነበው ፈቅደን፣ የኮድ ለውጦች ወደሚመዘገቡበት ጊት እንዳይገባ ከልክለናል። መለያው የሺትስ ፈቃድ ብቻ እንዲጠይቅ፣ የተጋራለት ሠንጠረዥም ያ አንዱ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል። ቁልፉ በክፉ ቀን ቢወጣ እንኳ ጉዳቱ ከዚያ ሠንጠረዥ አያልፍም።

እዚህ ላይ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ተከሰተ። አንድ ቀን መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ሲመለስ ግንኙነቱ ፊርማው ተቀባይነት የለውም በሚል መልስ ተዘጋ። ቁልፉ አልተለወጠም፣ ፈቃዱም እንደነበረ ነው። የተለወጠው የሰርቨሩ ሰዓት ነበር፤ የማዘርቦርዱ ባትሪ ስለደከመ መብራት በሌለበት ጊዜ ሰዓቱ ወደ ኋላ ቀርቷል። ፊርማው የተፈረመበትን ሰዓት በውስጡ ስለሚይዝና ከ1 ሰዓት በላይ ስለማያገለግል፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ የቀረ ሰርቨር የሚልከው ጥያቄ ገና ሲደርስ ጊዜው ያለፈበት ነው። ባትሪው ተቀየረ፤ ሰርቨሩም ሰዓቱን በየጊዜው ከኢንተርኔት እንዲያስተካክል ተደረገ። መብራት በሚመላለስበት አካባቢ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው እንዲህ ያለ መልስ ሲያይ ከቁልፉ በፊት ሰዓቱን ቢመለከት ብዙ ድካም ይድናል።

የምዝገባው ጠዋት

ጎግል ሺትስ በኤፒአይ በኩል ለሚመጡ ጥያቄዎች ገደብ አለው። ለአንድ ፕሮጀክት በደቂቃ 300 የማንበብና 300 የመጻፍ ጥያቄ ይፈቀዳል፤ በፕሮጀክቱ ውስጥ ለአንድ ተጠቃሚ ደግሞ በደቂቃ 60 የማንበብና 60 የመጻፍ ጥያቄ ብቻ። ድረ ገጹን ሺህ ሰው ቢጎበኘውም ወደ ሺትስ የሚሄደው በአንድ መለያ ስለሆነ በጎግል ዓይን ተጠቃሚው አንድ ነው፤ የሚሠራውም ገደብ 60 ነው። ገደቡ ሲያልፍ 429 የሚል መልስ ይመጣል።

የቀድሞው ፕሮግራም ይህን የተፈቀደለትን ኮታ የሚጨርስባቸው መንገዶች ሁለት ነበሩ። አንደኛው፣ ሰው ሲመዘገብ ቀድሞ ተመዝግቦ እንደሆነ ለማወቅ ሠንጠረዡን በሙሉ ያነባል፣ ቀጥሎ የመጨረሻውን ረድፍ ለማግኘት እንደገና ያነባል፣ ከዚያ ይጽፋል። በዚህ ስሌት ሌላ ሥራ ባይኖር እንኳ በደቂቃ ከ30 ሰው በላይ መመዝገብ አይቻልም። ሁለተኛውና የባሰው በመግቢያው ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ሥልጠና የቀረውን ቦታ የሚያሳየው ቁጥር ነበር። ገጹ በተከፈተ ቁጥር ይህ ቁጥር ከሠንጠረዡ ይነበባል። ምዝገባ በሚከፈትበት ጠዋት ሰው ሁሉ ገጹን ደጋግሞ ያድሳል፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ገጹ 60 ጊዜ ከታየ ኮታው አልቋል። ሊመዘገቡ ያልመጡ ተመልካቾች ለመመዝገብ የመጡትን በር ይዘጉባቸው ነበር ማለት ነው። ከጎግል ተጨማሪ ኮታ መጠየቅ ይቻላል፤ ነገር ግን በር ላይ የሚቆመውን ሰው ብዛት በገደብ የሚያስተናግድ አሠራር ገደቡ ቢሰፋም የሚፈተንበት ቀን መምጣቱ አይቀርም።

መፍትሔው የምዝገባውን መዝገብ ከሠንጠረዡ ማውጣት ነበር። አሁን ተመዝጋቢው ሲልክ መረጃው በሰርቨሩ ላይ በፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል፣ የምዝገባ ቁጥር ይሰጠዋል፣ "ተመዝግበዋል" የሚለው መልስ ወዲያው ይደርሰዋል። የቀረው ቦታም የሚቆጠረው ከዚያው ነው። ወደ ሠንጠረዡ የሚላከው ነገር በወረፋ ይያዝና ከድረ ገጹ የተለየ አንድ ፕሮግራም በየደቂቃው እየተነሣ ወረፋውን በጥቅል ይጽፈዋል። በጥቅል የተላከ ጽሑፍ ስንትም ረድፍ ቢይዝ የሚቆጠረው እንደ አንድ ጥያቄ ነው። ጎግል በአንድ ጥያቄ የሚላከው መረጃ ከ2 ሜጋባይት ባይበልጥ ይመክራል፤ የዚህ ተቋም የደቂቃ ጥቅል ወደዚያ አይጠጋም። 429 ቢመጣ እንኳ ፕሮግራሙ 1 ሰከንድ፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 8 እያለ እያራዘመ ይጠብቃል፤ ተመዝጋቢው ይህን አያውቀውም፣ ማወቅም የለበትም።

ሠንጠረዥን ለዕለት ሥራ መጠቀምና ብቸኛ መዝገብ ማድረግ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የሚያሳይ የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የእንግሊዝ የኅብረተሰብ ጤና ተቋም የነበረው ፐብሊክ ሄልዝ ኢንግላንድ ከላቦራቶሪዎች የሚመጣለትን የኮቪድ-19 የምርመራ ውጤት ወደ ማዕከላዊ ሲስተሙ የሚያሳልፈው በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ነበር። ያ ዓይነት ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ አይይዝም፤ የአንድ ሰው ውጤት ደግሞ ብዙ ረድፍ ይወስዳል። ገደቡ ሲሞላ የተረፈው ሳይነገር ተቆረጠ፤ ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ባሉት ቀናት 15,841 በበሽታው የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ቁጥር ውጭ ቀሩ፣ ከእነርሱ ጋር የተገናኙ ሰዎችንም በጊዜ መፈለግ አልተቻለም። ጎግል ሺትስ ለአንድ ሠንጠረዥ 10 ሚሊዮን ሴል (የሠንጠረዡ አንድ አንድ ሳጥን) ስለሚፈቅድ የእኛ ተቋም ወደዚያ ወሰን ለመድረስ ዘመናት ይፈጅበታል። ነገር ግን ወሰኑ የትም ይሁን የት፣ መዝገቡ ሌላ ቦታ ካለ ሠንጠረዡ ቢሞላም ቢጠፋም የሚቀር ሰው የለም።

በጥቅል መጻፉ የራሱን ጥያቄ አስከተለ። ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ጥያቄው ጎግል ዘንድ ደርሶ፣ ረድፎቹ ተጽፈው፣ መልሱ ግን ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። ፕሮግራሙ አልደረሰም ብሎ ደግሞ ከላከ ያው ሰው ሁለት ጊዜ ይገባል፤ ቢሮው ለረጅም ጊዜ "ተማሪዎቹ ሁለት ጊዜ እየተጫኑ ነው" ሲለው የነበረው ድግግሞሽ በብዛት የመጣው ከዚህ ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከመጻፉ በፊት የምዝገባ ቁጥር ያለበትን ዓምድ ብቻ አንብቦ፣ አስቀድሞ የገባውን ከጥቅሉ ያወጣል። ሁለት ቅጂ በአንድ ጊዜ ተነሥተው እንዳይጋጩም በዳታቤዙ ላይ መቆለፊያ ይይዛል፤ መቆለፊያውን ያላገኘው ሳይሠራ ይወጣል።

ቁጥር የሚመስል ጽሑፍ

ከሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደው፣ ለእኔም ከሁሉ አስተማሪ የነበረው ይህ ክፍል ነው። ኤፒአዩ ሴል ሲጽፍ ሁለት መንገድ ያቀርባል። አንደኛው ጽሑፉን እንዳለ ማስቀመጥ ሲሆን ሮው (RAW) ይባላል። ሁለተኛው ዩዘር ኢንተርድ የሚባለው፣ ሰው በኪቦርድ እንደጻፈው ቆጥሮ የሚተረጉም ነው። የቀድሞው ፕሮግራም የሚጠቀመው ሁለተኛውን ነበር።

ስልኩን እንመልከት። በ09 የሚጀምር ቁጥር፣ ወይም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ እንደምናየው በ07 የሚጀምር ቁጥር፣ በዚህ መንገድ ሲገባ ሺትስ እንደ ተራ ቁጥር ይቆጥረውና የመጀመሪያውን ዜሮ ይጥለዋል። አንዳንዱ ተመዝጋቢ ደግሞ በ+251 ጀምሮ በመሐል ክፍተት እየተወ ይጽፋል፤ ሺትስ የመደመር ምልክቱን እንደ ቀመር መጀመሪያ ይወስድና በቁጥሩ ፈንታ የስሕተት ምልክት ያሳያል። ሬጅስትራሯ እንዲህ ያሉትን ረድፎች አንድ በአንድ እየደወለች፣ ከፎርሙ ጋር እያመሳከረች ታስተካክል ነበር።

ቀኑ ግን ከዚህ የረቀቀ ነበር። ፎርሙ የምዝገባውን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በቀን፣ በወርና በዓመት ቅደም ተከተል ይጽፋል። ሠንጠረዡ በአሜሪካ አካባቢ ቅንብር የተከፈተ በመሆኑ ወሩን የሚጠብቀው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ አቆጣጠርም የሚያውቀው ነገር የለም። ጥቅምት 12 ቀን 2015 ለማለት 12/2/2015 ተብሎ ሲገባ ሺትስ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 2015 አድርጎ ይይዘዋል፤ ትክክለኛው ቀን ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 22 ቀን 2022 ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2015 ደግሞ 5/13/2015 ተብሎ ገብቶ ሜይ 13 ሆኗል፤ የአሥራ ሦስተኛ ወራችን ቁጥር የእነርሱ ቀን ሆነ ማለት ነው። ጥቅምት 30፣ ማለትም 30/2/2015፣ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢነበብ የሌለ ቀን ስለሆነ ሳይነካ እንደ ጽሑፍ ቀረ። በዚህ ምክንያት አንድ ዓምድ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ሆነ። በዓይን የሚታየው ምልክት አንድ ብቻ ነበር፤ ሺትስ ቀንና ቁጥርን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ አስጠግቶ ስለሚያሳይ ዓምዱ ጥርሱ የተዛነፈ ማበጠሪያ መስሎ ነበር። ፕሮግራሙ ያንን የጥቅምት 12 ሴል መልሶ ሲያነብ ያገኘውም ቀን ሳይሆን 42340 የሚል ቁጥር ነው፤ ሺትስ ቀንን የሚይዘው እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 30 ቀን 1899 ጀምሮ በተቆጠሩ ቀናት ብዛት ነውና። ቢሮው በቀን ቅደም ተከተል ሲደረድር የጥቅምቱ ተመዝጋቢ ከጳጉሜኑ በኋላ የሚገኘው ለምን እንደሆነ ለማንም ግልጽ አልነበረም።

አሁን ሁሉም በሮው መንገድ ይጻፋል። ስልክ ሁሉ ዳታቤዝ ውስጥ በ251 የሚጀምር አንድ ወጥ መልክ ይይዛል፤ ወደ ሠንጠረዡ የሚሄደው ቢሮው በለመደው በዜሮ የሚጀምር መልክ፣ እንደ ጽሑፍ ነው። ሰው በእጁ ሲያርምም ዜሮው እንዳይወድቅ ዓምዱ ራሱ ጽሑፍ ብቻ እንዲይዝ ተቀናብሯል፤ ይህ የፕሮግራሙ ጥንቃቄ ብቻውን የማይሸፍነው ነገር ነው። ቀኑ "ጥቅምት 12 ቀን 2015" ተብሎ በወር ስም ይጻፋል፤ ለመደርደር ደግሞ ከጎኑ የአውሮፓው ቀን ከዓመት ጀምሮ የሚጻፍበት ሌላ ዓምድ አለ፤ እንደ ጽሑፍም ቢደረደር ቅደም ተከተሉን አይስትም። የሮው መንገድ ሌላም ጥቅም አለው። ማንም ሰው በስም ቦታ በእኩል ምልክት የሚጀምር ቀመር ጽፎ ቢልክ፣ በሁለተኛው መንገድ ቀመሩ በቢሮው ሠንጠረዥ ውስጥ ሥራ ላይ ይውል ነበር፤ ከሌላ ሴል መረጃ ለቅሞ ወደ ውጭ አድራሻ የሚልክ ቀመር መጻፍም ይቻላል። በሮው የገባ ቀመር ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ ሰው ሴሉን ከፍቶ እንደገና ካልጻፈው በቀር ምንም አያደርግም።

ስለ ስም አጭር ነገር ልጨምር። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፤ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፤ ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒዩተሩ ግን እያንዳንዳቸው የተለየ ጽሑፍ ናቸው። የቀድሞው ፕሮግራም ድግግሞሽን የሚለየው በስም ነበርና አንድ ሰው በሌላ ፊደል ሲመጣ አዲስ ሰው ይሆን ነበር። አሁን መለያው ስልኩ ነው። ስም ተመዝጋቢው እንደጻፈው ይቀመጣል፤ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ የተጠቃለሉበት ሌላ ቅጂ በዳታቤዙ ይያዛል። የሰውን ስም አጻጻፍ "ማረም" የፕሮግራም ሥራ አይደለም፤ የምስክር ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ተማሪው የጻፈው ነው።

የከፈለው ሰው ለምን እንዳልከፈለ ታየ

ክፍያ በቴሌብርና በባንክ ይገባል፤ የሒሳብ ሠራተኛው ደረሰኙን አመሳክሮ "ተከፍሏል" የሚለውን ዓምድ ይሞላል፣ የግብይት ቁጥሩንም ይጽፋል። የቀድሞው ፕሮግራም ይህን መልሶ የሚያነበው በረድፍ ቁጥር ነበር፤ ተማሪው ሲመዘገብ የተጻፈበት ረድፍ 214 ከሆነ፣ ክፍያውንም የሚፈልገው በ214 ላይ ነው። አስተባባሪዋ ሠንጠረዡን በስም ተራ በደረደረች ጊዜ 214ኛው ረድፍ የሌላ ሰው ሆነ። የከፈለ ተማሪ የማስጠንቀቂያ መልእክት ደረሰው፣ ያልከፈለ ደግሞ የክፍል መግቢያ ተላከለት። አስተባባሪዋ ያደረገችው ሠንጠረዥ የተፈጠረበትን ሥራ ነው፤ በእርሷ ላይ የቀረበው ቅሬታ ተገቢ አልነበረም፣ ይህንንም ለተቋሙ አመራር በግልጽ ተናግረናል።

መፍትሔው በቴክኒክ ደረጃ ትንሽ ነው። የመጀመሪያው ዓምድ የምዝገባ ቁጥሩን ይይዛል፣ ከሰው እጅ የተጠበቀ ነው፣ ፕሮግራሙም ማንኛውንም ነገር የሚፈልገው በዚያ ቁጥር ነው፤ ረድፎቹ ቢደረደሩ፣ ቢገለበጡ፣ ከመሐል ቢሰረዙ አይስትም። አስተባባሪዎቹም የሌላውን እይታ ሳይለውጡ ለራሳቸው የሚደረድሩበትን የማጣሪያ እይታ እንዲጠቀሙ አሳየናቸው።

በሥራው ደረጃ ግን ትልቁ ነገር ከኮድ በፊት የተደረገው ስብሰባ ነው። ሠንጠረዡን በግድግዳ ላይ አሳይተን ስለ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ጥያቄ ጠየቅን፤ ይህን የሚጽፈው ማን ነው? ስም፣ ስልክ፣ ሥልጠና፣ ቀን የድረ ገጹ ናቸው፤ ሰው ሊያርማቸው ከፈለገ በአስተዳደር ገጹ ያርማል፤ ሠንጠረዡ ላይ ተቆልፈዋል። ክፍያና የግብይት ቁጥር የሒሳብ ሠራተኛው ናቸው፤ ፕሮግራሙ ያነባቸዋል እንጂ በፍጹም አይጽፍባቸውም። የክፍል ምደባ የአስተባባሪዎቹ ነው። የሬጅስትራሯን የማስታወሻ ዓምድ ፕሮግራሙ አያነብም፣ አይጽፍም። ውይይቱ ረዘም ያለው በስልክ ዓምድ ላይ ነበር፤ ሬጅስትራሯ ተማሪ ደውሎ ቁጥሩን ሲቀይር እዚያው ማረም ትፈልጋለች፤ ስሜቷን እረዳለሁ። ነገር ግን ሁለት ባለቤት ያለው ዓምድ በተጋጨ ጊዜ የማን ይጽና የሚለውን ፕሮግራም ሊመልሰው አይችልም። በመጨረሻ ከጎኑ "አዲስ ስልክ" የሚል የእርሷ ዓምድ ተከፈተ፤ ፕሮግራሙ እዚያ የተጻፈውን አንብቦ፣ ትክክለኛ ቁጥር መሆኑን አጣርቶ፣ ዳታቤዙን ይለውጣል፤ ዋናው ዓምድ በሚቀጥለው ዙር በራሱ ይታረማል። እንዲህ ያለ መፍትሔ ከእኛ ሳይሆን ከእርሷ ጥያቄ የወጣ ነው።

ፕሮግራሙ የቢሮውን ዓምዶች በየ5 ደቂቃው በአንድ ጥያቄ ያነባል። ከማንበቡ በፊት የዓምዶቹ ርእስ እንደተጠበቀ ያረጋግጣል፤ ሰው ዓምድ ካንቀሳቀሰ ወይም ርእስ ከለወጠ ሥራውን አቁሞ ለቴክኒክ ክፍሉ በቴሌግራም መልእክት ይልካል። በግምት ከመቀጠል ማቆም ይሻላል ያልነው የክፍያ መረጃ ስለሆነ ነው። ምዝገባው በዳታቤዙ በኩል ስለሚቀጥል መቆሙ ተማሪዎችን አይነካም።

ወደ ሠንጠረዡ የማይሄደው

በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ጎግል ሺትስ ላይ የተጻፈ መረጃ ከአገር ውጭ ባሉ ሰርቨሮች ሊቀመጥ የሚችል በመሆኑ፣ የትኛው መረጃ ከቢሮው ሰርቨር ይውጣ የሚለውን ከተቋሙ የሕግ አማካሪ ጋር እንዲወስኑ ጠየቅን። ከዚያ በፊትም ቢሆን በራሳችን ያደረግነው አለ። ቀድሞ የመታወቂያ ቁጥርና የልደት ቀን ሳይቀር ይጻፍ ነበር፤ ማን ለምን እንደሚጠቀምበት ስንጠይቅ መልስ የሰጠ ስላልነበረ ሁለቱም ከሠንጠረዡ ወጥተው በዳታቤዙ ብቻ ቀሩ። የመታወቂያ ፎቶም ከሰርቨሩ አይወጣም። ሠንጠረዡ "ሊንኩ ያለው ሁሉ ያያል" በሚለው ቅንብር ለብዙ ጊዜ መቆየቱን ስናይ ወዲያው አስዘጋን፤ ሊንኩ በቴሌግራም ግሩፕ ተለጥፎ ነበርና። አሁን የሚገቡት በስም የተጋራላቸው ሠራተኞችና የፕሮግራሙ መለያ ብቻ ናቸው።

ግንኙነቱ አንድ የጳጉሜን ምዝገባ አሳልፏል። በዚያ ጠዋት ኢንተርኔት ለተወሰነ ጊዜ ወደ ውጭ አልሠራም፤ የአገር ውስጥ ተመዝጋቢዎች ግን ገጹን ማግኘት ችለው ነበር፤ ወረፋው ሞልቶ ጠበቀ፤ መስመሩ ሲመለስ ረድፎቹ ያለ ድግግሞሽ ገቡ። ቢሮው አሁን የክፍል መገኘት መቆጣጠሪያም በዚሁ ሠንጠረዥ እንዲሆንለት ጠይቋል። መምህራኑ በስልካቸው ይሙሉት ወይስ አስተባባሪዎቹ ከወረቀት ይገልብጡት የሚለው ገና አልተወሰነም፤ እስኪወሰን ድረስም ዓምዱ አልተከፈተም።